ምንይችል ዝም ሲል

ደጀን ከተማ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፤ የአውቶቡስ ሾፌሩ ምንይችል መኝታ ቤት ተኝቶ ሲያንኮራፋ፣ ታላቅ እኅቱ አትጠገብና ሚስቱ ይታይሽ ሳሎን ውስጥ ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

አትጠገብ፦ ጠንቋዩ ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ!

ይታይሽ፦ እትዬ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ። ሰው ተኝቷል።

አትጠገብ፦ ወንድሜ የሚተኛበት ሸሚዝ ጀርባ ላይ ቋጠሮ ሰፍተሽ፣ ድምፅ የምቀንሰው እኔ ነኝ? ጠዋት ልብሱን ላጥብለት ብዬ ሳነሣው እጄ ላይ ጉብ አለ። በስመ አብ ብዬ ወረወርኩት። ደሞ አነሣሁትና በመቀስ ተረተርኩት።

ይታይሽ፦ ተረተሩት?

አትጠገብ፦ አዎ ተረተርኩት! ምን ይሁን?

ይታይሽ፦ ስንት ቀን ተቀምጬ የሰፋሁትን! እሺ፣ ውስጡ ምን አገኙ? የጅብ ጠጉር?

አትጠገብ፦ ጨርቅ። ጨርቅ በጨርቅ ላይ የተጠቀለለ። ያዘዘልሽ ሰውዬ ብልጥ ነው።

ይታይሽ፦ የራሴ ካልሲ ነው! ሦስት አሮጌ ካልሲ ጠቅልዬ ኳስ አድርጌ ነው የሰፋሁበት፤ በጀርባው ሊንጋለል ሲል እንዲጎረብጠውና በጎኑ እንዲተኛ። ያዘዘልኝም ሰውዬ ሐኪም ነው።

አትጠገብ፦ ድንቄም ሐኪም! ትልቅ ሰው ኳስ አዝሎ ይተኛ የሚል ሐኪም የት አገር አለ?

ይታይሽ፦ ማርቆስ። በሁለት መኪና ተሳፍሬ ሄጄ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ያገኘሁት ነው።

አትጠገብ፦ ባልሽ ሳያውቅ።

ይታይሽ፦ ባሌ እያወቀ እምቢ ስላለኝ።

አትጠገብ፦ እሱን ተይው አሁን። ለእሱ አይደለም የመጣሁት። ቁጭ በይ።

ይታይሽ፦ ቆሜ እሰማለሁ።

አትጠገብ፦ ባለ አውቶቡሱ ቢረሳው ቤት ሄደሽ ምንድን ነው ያልሽው?

ይታይሽ፦ ባሌ መሪ ላይ ይተኛል፣ እስኪታከም አውቶቡሱን አይስጡት አልኩ።

አትጠገብ፦ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ!

ይታይሽ፦ አዎ።

አትጠገብ፦ የባልሽን ገመና ለአሠሪው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪ ይዞ አንድ ዶሮ ያልገጨን ሰው! አሁን መናኸሪያው በሙሉ «ሚስቱ ያባረረችው ሾፌር» እያለ ይሥቅበታል። መንጃ ፈቃዱንም ደብቀሽበታል አሉ።

ይታይሽ፦ ደብቄዋለሁ።

አትጠገብ፦ የታል?

ይታይሽ፦ ደረቴ ውስጥ። ይፈትሹኝ ከፈለጉ።

አትጠገብ፦ ስሚኝ ይታይሽ። ቢረሳው ለእኔ ብሎ እስከ ዛሬ ማታ ይጠብቃል። ሚስትየዋ ራሷ መጥታ «በንዴት ያወራሁት ነው፣ ባሌ ጤነኛ ነው» ካለች ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት ምንይችል ወደ አዲስ አበባ ይነዳል ብሏል። ካላለች አውቶቡሱን ለአንዱ ዘመዱ ይሰጠዋል። ነጠላሽን ልበሺ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።

ይታይሽ፦ አልሄድም።

አትጠገብ፦ ትሄጃለሽ።

ይታይሽ፦ እትዬ አትጠገብ፣ ሰው ይሞታል! አንድ ሰው አይደለም፣ ስልሳ ሰው። እሱ ዓባይ በረሃ ውስጥ እንቅልፍ ቢጥለው እኔ ምን ብዬ ነው የምኖረው?

አትጠገብ፦ ስለማንኮራፋት? ስለማንኮራፋት ነው ይሄ ሁሉ ሟርት? እስቲ አሁን ስሚው። ምን አለው? ደክሞታል፣ በልቷል፣ ተኝቷል። ወንድ ልጅ አያንኮራፋ? እኛ ቤት ያላንኮራፋ አለ? አጎቴ ሲያንኮራፉ ደጅ ያሰሯት በቅሎ ገመድ ትበጥስ ነበር። ዘጠና ዓመት ኖሩ።

ይታይሽ፦ ነፍሳቸውን ይማር። የእሳቸው እንደዚህ አልነበረም ይሆናል።

አትጠገብ፦ አንቺ ራስሽስ! ለኪዳነ ምሕረት ጸበል ሄደን አንድ ድንኳን ያደርን ጊዜ፣ አራት ሴት ዓይናችንን ሳንከድን ነው ያነጋነው። ወይዘሮ ጠጄ «ይቺን ልጅ ማን ነው ያገባት» ብለው ጠየቁኝ። አፍሬ «ዘመዴ አይደለችም» አልኩ።

ይታይሽ፦ አንኮራፋለሁ። መች ካድኩ? የእኔ ከጀመረ እስኪነጋ አይቆምም፤ አንድ ዓይነት ነው፣ ሰው ይረብሻል እንጂ እኔን አይነካኝም። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ የራሴን ነው። ጠዋት ስትነሺ ራስሽን ይፈልጥሻል? አይፈልጠኝም። ከሰው ጋር እያወራሽ ታንቀላፊያለሽ? አላንቀላፋም። ትንፋሽሽ ይቆማል የሚልሽ ሰው አለ? ኧረ የለም፤ «በቃሽ ዝም በይ» የሚለኝ ነው ያለው። «እንግዲያው ሂጂ አንኮራፊ፣ ባልሽን አምጪልኝ» አለኝ።

አትጠገብ፦ ሐኪሙም ቀልደኛ ነው።

ይታይሽ፦ ምንይችል እንደ እኔ ቢያንኮራፋ ጆሮዬን ደፍኜ እተኛ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ሲያንኮራፋ አይደለም። ዝም ሲል ነው።

አትጠገብ፦ ዝም ካለማ ተኛ ማለት ነው! ወይ ጣጣ! ቢያንኮራፋ ጥፋት፣ ዝም ቢል ጥፋት። ምን ያድርግልሽ፣ ይዝፈንልሽ?

ይታይሽ፦ ዝም የሚለው ትንፋሹ ተቋርጦ ነው እትዬ። እያንኮራፋ እያንኮራፋ ቀጥ ይላል። ከዚያ ይታገላል፣ ይንፈራገጣል፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ኽ ብሎ ይስባል። ሁለት ሦስቴ ያንኮራፋና ደሞ ቀጥ።

አትጠገብ፦ እሱን እኔ ከአንቺ በፊት አውቀዋለሁ። ዱካክ ነው። ደረቱ ላይ ወጥቶ ነው የሚያንቀው። ሐኪም ምን ያውቃል? ለዱካክ መድኃኒቱ ብረት ነው።

ይታይሽ፦ እንግዲያው ከትራሱ ሥር ቢላዋ የከተቱት እርስዎ ነዎት።

አትጠገብ፦ እኔ ነኝ። ለፋሲካ የመጣሁ ጊዜ። ምነው?

ይታይሽ፦ ምንም።

አትጠገብ፦ ምንም አይደለም፤ ተናገሪ። እኔም የምጠይቅሽ አለኝ። ግራ እጁን ማን ነው እንደዚያ የሸረከተው? በፋሻ ተጠቅልሎ ሳየው «ጎማ ስቀይር ነው» አለኝ። ጎማ መዳፍ አይሸረክትም። ልጅ ሆኖ ውሸት ሲዋሸኝ ጆሮው ይቀላ ነበር፤ ያኔም ቀላ። ቢላዋ አንሥተሽበታል ብዬ ነው የያዝኩት፤ ለሰው ስላልተናገርኩ አመስግኚኝ።

ይታይሽ፦ የእርስዎ ቢላዋ ነው እትዬ።

አትጠገብ፦ ምን?

ይታይሽ፦ ከትራሱ ሥር ያስገቡት። ትንፋሽ አጥቶ ሲታገል እጁን ትራሱ ሥር ሰደደና ስለቱን ጨበጠው። አልጋው ደም በደም ሆነ። እኔ አንሶላ ቀድጄ ሳስር፣ እሱ «ለእቴ እንዳትነግሪ፣ በእኔ የተነሣ ቆሰለ ብላ ትታመማለች» ብሎ አስማለኝ። ይኸው መሐላዬን አስፈረሱኝ።

አትጠገብ፦ ... ውሸት ነው።

ይታይሽ፦ ጠባሳው ከዚህ እስከዚህ ነው። ሲነሣ ይዩት።

አትጠገብ፦ ብረቱ በሰገባው ነበር እኮ ያስቀመጥኩት።

ይታይሽ፦ በጨርቅ ነበር የጠቀለሉት።

አትጠገብ፦ ይሁን! በጨርቅ ይሁን! ሰው ለበጎ ብሎ ያደረገው ነው። አንቺ ግን ለክፋት ነው ያደረግሽው። ቢረሳው ቤት የሄድሽው ለክፋት ነው።

ይታይሽ፦ መጀመሪያ እሱን ለመንኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ። «ሾፌር ነኝ፣ ሐኪም ቤት ገባ ከተባልኩ መኪና የሚሰጠኝ የለም» አለኝ። ነገርኩት፣ «ዝም ትላለህ» አልኩት። «ሌሊት ቁጭ ብለሽ የምትጠብቂኝ ሌባ ነኝ?» አለኝ። ስንት ደቂቃ ዝም እላለሁ፣ በምን አወቅሽ፣ ሰዓት አየሽ? ብሎ ሣቀብኝ። በጨለማ ስልክ ሳበራ ይነቃብኛል። እና በእግዚኦ ቆጠርኩ።

አትጠገብ፦ በምን?

ይታይሽ፦ በእግዚኦ። መቁጠሪያዬን ይዤ። ትንፋሹ ሲቋረጥ «እግዚኦ» እላለሁ፣ አንድ ፍሬ አሳልፋለሁ። አሥር እግዚኦ፣ አሥራ አምስት እግዚኦ። አንድ ቀን ሠላሳ አንድ ደረስኩ።

አትጠገብ፦ ጉድ ፈላ! የጸሎቱን መቁጠሪያ የትንፋሽ መቁጠሪያ አደረግሽው? ለንስሐ አባትሽ ነግረሻል ይሄንን?

ይታይሽ፦ ቆጠርኩ እንጂ መቼ ሳልለምን ቀረሁ? ከዚያ የበለጠ ከልቤ እግዚኦ ያልኩበት ቀን የለም።

አትጠገብ፦ ሐኪምሽስ? በእግዚኦ ለካሁት ስትዪው ምን አለ?

ይታይሽ፦ ይሥቅብኛል ብዬ ነበር። የእጅ ሰዓቱን ፈታና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «በይ እንደዚያ ቁጠሪልኝ» አለኝ። ሃያ እግዚኦ አልኩለት። ሃያ ሦስት ሰከንድ ሆነ። ጻፈው። «አሥር ሰከንድ ከሞላ እኛ አንድ ብለን እንመዘግባለን፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ነው?» አለኝ። ሃያ አራት ጊዜ ቆጥሬ እኔኑ እንቅልፍ ጣለኝ አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ እትዬ። ማንኮራፋትስ ብዙ ሰው ያንኮራፋል፣ ይሄ ግን በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ይመስላል አለኝ። ጉሮሮው ውስጥ ያለው ሥጋ ሲረግብ መንገዱን ይዘጋዋል። ሲታፈን አንጎሉ ደንግጦ ያነቃዋል። ሌሊቱን ሙሉ ከመቶ ጊዜ በላይ ይነቃል፣ እሱ ግን አያውቅም። ስምንት ሰዓት ተኛሁ ይላል፤ አንድም ሰዓት አልተኛም።

አትጠገብ፦ ሳያየው! ሰውየውን ሳያየው!

ይታይሽ፦ ለዚህ ነው «ይመስላል» ያለው። አዲስ አበባ አስተኝተው ገመድ አያይዘው የሚመረምሩበት ቦታ አለ፤ ወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል። ከተረጋገጠ አፍንጫው ላይ የሚታሰር፣ አየር የሚነፋ መሣሪያ አለ።

አትጠገብ፦ እንደ ጎማ ሊነፉት?

ይታይሽ፦ ይንፉት! እንደ ጎማ ይንፉት! ይተንፍስልኝ እንጂ!

አትጠገብ፦ አትጩሂብኝ።

ይታይሽ፦ ጠዋት ጠዋት ራሱን ጨምድዶ ይዞ ነው የሚነሣው። አፉ ደርቆ ምላሱ ላንቃው ላይ ይጣበቃል። ሌሊት አራቴ ለሽንት ይነሣል። የደም ግፊቱን አንድ ፋርማሲ ውስጥ በግድ አስለካሁት፤ የለካችው ልጅ ደግማ ለካችው፣ ከዚያ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችው። ይሄ ሁሉ ለእርስዎ ማንኮራፋት ነው?

አትጠገብ፦ ሥራ ነው! ሾፌርነት ነው! ፀሐይ፣ አቧራ፣ ቁጭ ብሎ መዋል። ነጂ ሁሉ ራሱን ያመዋል።

ይታይሽ፦ ነጂ ሁሉ መሪ ላይ ይተኛል?

አትጠገብ፦ ማን አየው?

ይታይሽ፦ እኔ። ባለፈው ማክሰኞ አብሬው አዲስ አበባ ልሂድ ብዬ ጋቢና ተቀመጥኩ። ሆን ብዬ። ቁልቁለቱን ጀመርን። የዓባይ ድልድይ ሳንደርስ፣ አንድ ኩርባ ላይ፣ «ሽንኩርት ስንት ገባ ይሆን» ብዬ ስጠይቀው መልስ አጣሁ። ዞር ብዬ ሳይ ዓይኑ ገርበብ ብሏል፣ እጁ መሪውን ይዟል፣ መኪናው ወደ ገደሉ ጠርዝ ይሄዳል። ጭኑን በጥፍሬ ቆነጠጥኩት። መሪውን መለሰና «ምን ሆንሽ? አበድሽ?» አለኝ። መተኛቱን አላወቀም እትዬ! ከኋላ ሴትዮዋ ልጇን እያጠባች ነበር። ሰዎቹ እየተሣሣቁ ነበር።

አትጠገብ፦ ለአንድ አፍታ ዓይኑን ቢከድን...

ይታይሽ፦ ለአንድ አፍታ? ገደል ስንት አፍታ ይፈልጋል?

አትጠገብ፦ እና የዚያኑ ቀን ቢረሳው ቤት።

ይታይሽ፦ የዚያኑ ቀን አይደለም። መጀመሪያ አውቶቡሱ ውስጥ፣ የሾፌሩ ወንበር ሥር ወለሉን ስጠርግ ጫት አገኘሁ።

አትጠገብ፦ የማን ጫት?

ይታይሽ፦ የእሱ።

አትጠገብ፦ አፍሽን ዝጊ! ምንይችል? የቄስ ልጅ ልጅ? ጫት በዘራችን የለም!

ይታይሽ፦ እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። አልካደኝም። «እንቅልፉ አላስነዳኝ አለ፤ አይጣፍጠኝም፣ ይመረኛል፣ ግን ለበረሃው ብቻ ነው» ብሎ አለቀሰ። ያ ሰው ሲያለቅስ አይተው ያውቃሉ? እኔ አላውቅም ነበር። እሱ ራሱ ያውቃል እትዬ። አንድ ነገር እንደሆነ ያውቃል፤ መኪናውን እንዳይቀሙት ፈርቶ ነው። በማግሥቱ ቢረሳው ቤት ሄድኩ።

አትጠገብ፦ አንቺ ወሬ ታውቂያለሽ። ሁሌም ታውቂያለሽ። ገና ስትመጪ ነበር ያልኩት፣ ይቺ ልጅ ምላሷ ረጅም ነው ብዬ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ አልሰጠሽውም፤ እሱ አንድ ቀን አንገትሽን አላስደፋሽም። አሁን ደግሞ የቀረችውን አንዲት እንጀራ ነጥቀሽ በሰው ፊት አዋረድሽው።

ይታይሽ፦ ይቺን ለመናገር ስንት ዓመት ጠበቁ?

አትጠገብ፦ ሰባት።

ይታይሽ፦ ጥሩ። ወጣልዎት። አሁን ከቤቴ ይውጡ።

አትጠገብ፦ የወንድሜ ቤት ነው። ከወንድሜ ቤት አንቺ ነሽ አስወጪኝ?

ይታይሽ፦ እንግዲያው እዚያ ይቀመጡ፤ እኔን ግን አያናግሩኝ። ቢረሳው ዘንድም አልሄድም። ልጅ አልሰጠሁትም፤ እሺ። ሬሳውን ግን አልሰጥዎትም።

አትጠገብ፦ በአፍሽ ላይ አፈር ይግባበት! ሬሳ? ሬሳ አልሽ? ... ይኸው። ይኸው እንዲያውም ዝም አለ። በጩኸትሽ ሲረበሽ ቆይቶ አሁን ገና ደህና እንቅልፍ ወሰደው።

ይታይሽ፦ እትዬ፣ ዝም ይበሉ።

አትጠገብ፦ እኔን ነው...

ይታይሽ፦ ዝም ይበሉ አልኩ! እግዚኦ። እግዚኦ። እግዚኦ።

አትጠገብ፦ ምን ታነበንቢያለሽ?

ይታይሽ፦ ሰባት። ስምንት። ያዳምጡ።

አትጠገብ፦ ምኑን? ምንም የለም እኮ።

ይታይሽ፦ እኮ! አሥራ አንድ። በጀርባው ነው የተንጋለለው። አሥራ ሁለት።

አትጠገብ፦ ይተነፍሳል። በበሩ ይታየኛል፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ይኸው ይተነፍሳል፣ ውሸታም!

ይታይሽ፦ ሆዱ ይታገላል እንጂ አየር አይገባውም። ድምፅ ሰሙ? አሥራ ሰባት። ልግባ።

አትጠገብ፦ የት? ቆይ! በድንጋጤ ልትገድዪው ነው፣ የተኛ ሰው እንዲህ አይቀሰቀስም።

ይታይሽ፦ እጄን ይልቀቁኝ። ሃያ። ሃያ አንድ።

አትጠገብ፦ ቆይ ... ቆይ እስቲ። አሁን ... አሁን ይተነፍሳል። አሁን ነው። ምንይችል?

ይታይሽ፦ ሃያ አምስት። ልቀቂኝ!

አትጠገብ፦ ፊቱ ... ፊቱ ምን ሆነ? ይታይሽ፣ ፊቱ ጠቆረብኝ!

ይታይሽ፦ ልቀቂኝ አንቺ ሴትዮ! ሃያ ዘጠኝ! እጄን ልቀቂኝ!

አትጠገብ፦ ምንይችል! ምንይችል፣ የኔ ጌታ! ምንይችል!

ይታይሽ፦ ... ተመለሰ። ሳበ። ሰሙት? እፎይ። ወደ ጎን ዞር በል የኔ ዓለም፣ እንደዚህ። እንደዚህ። ተኛ።

አትጠገብ፦ አልነቃም እኮ። ያን ያህል ጮኼ አልነቃም።

ይታይሽ፦ ነቅቷል። እሱ ግን አያውቀውም። ነገ ብትጠይቂው ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ ነው የሚልሽ። ... የሚልዎት።

አትጠገብ፦ ወንበር አቅርቢልኝ።

ይታይሽ፦ ይቀመጡ። ውሃ ላምጣ?

አትጠገብ፦ አልፈልግም። ይሄ በቀን ስንት ጊዜ ነው?

ይታይሽ፦ ነገርኩዎት እኮ። በሰዓት ሃያ ምናምን።

አትጠገብ፦ እና ሁል ጊዜ እንደዚህ ቆመሽ ትቆጥሪያለሽ?

ይታይሽ፦ ቁጭ ብዬ ነው። አንዳንዴ አልችልም፣ ይጥለኛል። ከዚያ ደንግጬ ብንን እልና ደረቱ ላይ ጆሮዬን አደርጋለሁ።

አትጠገብ፦ ዓይንሽ የቀላው ለዚያ ነው። እኔ እኮ ... ሌላ ነገር ነበር የጠረጠርኩት።

ይታይሽ፦ አውቃለሁ፣ ገብቶኛል። ሰፈሩ ሁሉ ያንኑ ነው የሚያወራው፤ ሳሎን መብራት በሌሊት ይበራል ብለው።

አትጠገብ፦ አባታችን እንደዚህ ነበር።

ይታይሽ፦ ያንኮራፉ ነበር?

አትጠገብ፦ ዝም ይል ነበር። እንዲህ አንገተ ወፍራም ሰው ነበር፣ ልክ እንደ ምንይችል። እየበላ ያንቀላፋል፤ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ። እኛ ልጆቹ እንሥቅበታለን። ሌሊት ያንኮራፋና ቀጥ ይላል፤ እናቴ ተነሥታ ብረት ታስነካዋለች። እሷ ከሞተች በኋላ እኔ ነኝ ብረት የማስነካው። አሥራ አራት ዓመቴ ነው።

ይታይሽ፦ ይሄን ነግረውኝ አያውቁም።

አትጠገብ፦ ለማንም። አንድ ቀን በጠዋት ዝም ብሏል። ጭጭ። ከብት ሊያወጡ የመጡትን ልጆች «አባባ ተኝቷል፣ ዛሬ ገና ደህና እንቅልፍ ወሰደው፣ ዝም በሉ» ብዬ ከደጅ አባረርኳቸው። ምንይችል የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እንዳያለቅስበት ብዬ አዝዬው ወንዝ ወረድኩ። ፀሐይ ከረር እስኪል ቆየሁ። ይተኛ ብዬ። እንዲያርፍ ብዬ ነው እኮ! ስመለስ ቀዝቅዞ ነበር።

ይታይሽ፦ እትዬ ...

አትጠገብ፦ ለቀስተኛው ሁሉ «የጻድቅ ሞት ነው፣ ሳይሰቃይ በእንቅልፉ ሄደ» አለ። ቄሱም እንደዚያው። እኔም አልኩ። እስከዛሬ አልኩ። ሳይሰቃይ! እንዲህ ሲታገል እኔ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ!

ይታይሽ፦ በዚህ ይሁን በሌላ አይታወቅም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እርስዎም ልጅ ነበሩ።

አትጠገብ፦ አታባብዪኝ። ማባበል አልወድም፤ ከአንቺ ደግሞ ጭራሽ።

ይታይሽ፦ እሺ።

አትጠገብ፦ ወረቀቱ የታል?

ይታይሽ፦ የቱ?

አትጠገብ፦ ሐኪሙ የጻፈው።

ይታይሽ፦ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ነው። ይኸው።

አትጠገብ፦ ማንበብ እንደማልችል ታውቂያለሽ። ማኅተም አለው?

ይታይሽ፦ አለው። እዚህ ጋ።

አትጠገብ፦ ያንን የሚነፋውን ነገር ካሰሩለት፣ መሪውን ይመልሱለታል?

ይታይሽ፦ ደህና ሆነው ወደ ሥራቸው የተመለሱ አሉ ብሎኛል። ለእሱ ግን ቃል አልገባልኝም። መጀመሪያ ይመርመር ነው ያለው።

አትጠገብ፦ ባይመልሱለትስ? ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም። አንቺን ሲያይሽ ይኖራል፣ ያስቀመጠችኝ ይቺ ናት እያለ።

ይታይሽ፦ ይየኝ። ይጥላኝ። በሕይወት ሆኖ ይጥላኝ።

አትጠገብ፦ አንቺን ይቅር አላልኩሽም። ቢረሳው ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ወደ እኔ መምጣት ነበረብሽ።

ይታይሽ፦ ብመጣ ቢላዋ ነበር የሚሰጡኝ።

አትጠገብ፦ ምላስሽ!

ይታይሽ፦ እኔም ያቺን የልጅ ነገር አልረሳትም።

አትጠገብ፦ አትርሺያት። እኔም ብሆን አልረሳም ነበር። ... ያልኩሽን ባልልሽ ኖሮ ጥሩ ነበር። ከዚህ በላይ አትጠብቂ።

ይታይሽ፦ አልጠበቅሁም። ግን እትዬ፣ እርስዎና እኔ ብንስማማ ምን ዋጋ አለው? እሱ አይሄድም። ለምኜዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁ፣ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ። እንዲያውም አሁን ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት «እሺ አለችልሽ? ቢረሳው ዘንድ ትሄዳለች?» ብሎ ነው። እኔን አይሰማኝም።

አትጠገብ፦ አንቺን አይሰማሽም። ያዘልኩት እኔ ነኝ። ወዲያ በይ፣ በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺው። ምንይችል! ተነሥ! ተነሥ አልኩህ፣ ተኝተህ አላረፍክም! ስልክህን አንሣና ቢረሳው ዘንድ ደውል፤ ነገ ሌላ ሾፌር ይፈልግ፣ ለእኛ ደግሞ ሦስት ወንበር ይያዝልን በለው፤ አንተ መሀል ትቀመጣለህ፣ እኔና ሚስትህ ግራና ቀኝ።